ደረጃ ያልወጣላቸው ስሞች

መጽሔታችን ለእንቁጣጣሽ ልዩ ዕትም «በኢትዮጵያ ታሪክ ከፍተኛ ተፅዕኖ ያሳደሩ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ሊያወጣ ተነሳ። ዋና አዘጋጁ ሁላችንም ስሞቹን በደረጃ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ከላይ ያሉት ነገሥታት ብቻ ሆኑ። አንደኛው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ስንባባል ግማሽ ቀን አለቀ።

ነገሩን ያዞሩት በዕድሜ ትልቁ አራሚያችን ናቸው። «ልጆች፣ ቁጥሩን ለጊዜው ተዉት። ከየስሙ አጠገብ፣ ይህን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ በእሱ ምክንያት ምን እንዳገኘ ወይም ምን እንዳጣ ጻፉ» አሉን።

ዝርዝሩ መልኩን ቀየረ። ቅዱስ ያሬድ ገባ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዛሬም በየደብሩ ይዜማሉና። የጤና ዓምድ አዘጋጇ ዶክተር አክሊሉ ለማን አመጣች። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድለውን ተክል ለሳይንስ ያሳወቁ ሰው ናቸው። ስለ ዓድዋ ስንሟገት ውለን ይህ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም ነበር።

የከበደን የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስም ነው። አንዷ ባልደረባችን «አጎቴን በቀይ ሽብር ገድለውታል፤ አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም። እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም!» ብላ ተነሳች። አራሚው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እውነትሽን ነው ልጄ። የኔ አባት ደግሞ ጭሰኛ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲነገር፣ ከእንግዲህ ለባለ ርስቱ እንደማይገብሩ ሰምተው አለቀሱ» አሏት።

ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ መንግሥት ነው። አዋጁ ደግሞ ከአንድ ሰው የወጣ አልነበረም፤ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ናቸው ጥያቄውን ያነሱት፤ ከዚያ ትውልድም ስንቱን ያው ደርግ ፈጀው። እኔ ስሙ ይግባ ካሉት ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ገዳዩን ከዝርዝሩ ስናወጣ የሟቾቹም ታሪክ አብሮ ይወጣል። በመጨረሻ እሷም ተስማማች፤ ጽሑፉን ግን ራሷ እንድትጽፈው ጠየቀች። ተማሪዎቹም በአንድነት ገቡ።

ዋና አዘጋጁ ለሽፋን የሚሆን «አንደኛ» ይፈልግ ስለነበር ብዙ አንገራገረ። አራሚው አልለቀቁትም፤ በሀ ሁ ተራ እንዲሆን ተወሰነ። ገጹ ሲቀናበር ታዲያ መንግሥቱ ከምኒልክ ቀድሞ ጎን ለጎን አረፈ። አቀናባሪው ደንግጦ በመካከላቸው ፎቶ ላስገባ ወይ ሲል ያቺው ባልደረባችን «በፊደል ተራ ብለናል፣ በፊደል ተራ ይሁን። ቀይ ሽብር ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳይወርድብኝ» አለችው። እንዳለችው ታተመ።