ቢጫ የሆነው ፍላስክ

ሰኞ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍተው፣ ዓርብ ማታ ቀይ አድርጌ የተውኩት ፈሳሽ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎችን ከፋይብሮብላስት (የሕብረ ሕዋስን ድጋፍ ከሚሠሩ ሴሎች) ጋር ያሳደግኩበት ፍላስክ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለም አሲድ ሲበዛበት ወደ ቢጫ ይዞራል። የካንሰር ሴሎች ብቻቸውን ያሉበት ፍላስክ ገና ብርቱካንማ ነው። (ሴል ሲበዛም አሲድ ስለሚበዛ፣ በቀለሙ ብቻ አልፈርድም።)

የዚያኑ ቀን አባቴ ደወለ። ፕሮስቴቱ ላይ ካንሰር ከተገኘ ወዲህ ሁሉም መካሪ ሆኖበታል። «ልጄ፣ ስኳር ከተውክ ካንሰሩ ተርቦ ይሞታል ይሉኛል፤ እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ወሬው መነሻ አለው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካንሰር ኦክስጅን እያለ እንኳ ግሉኮስን (ስኳርን) ላክቴት ወደሚባል የአሲድ ውጤት እንደሚቀይር አሳይቷል። የፕሮስቴት ጉዳይ ግን ግራ ነው። የጤነኛ ፕሮስቴት ሴል ዚንክ ያከማቻል፤ ዚንኩ ሲትሬትን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን አኮኒቴዝ የተባለ ኤንዛይም ስለሚያግደው፣ ተቃጥሎ ጉልበት ሊሆን የሚችለው ሲትሬት ወደ ዘር ፈሳሽ ይወጣል። ሴሉ ወደ ካንሰር ሲዞር ዚንኩ ይቀንሳል፤ ሲወጣ የነበረውን ሲትሬት ራሱ ማቃጠል ይጀምራል። ግሉኮስን የሚከተለው ፔት የተባለ የሰውነት ምስል ምርመራ በጅምር ላይ ያለን የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚስተው፣ ሐኪሞችም በፕሮስቴት ካንሰር ሴል ገጽ ላይ የሚበዛውን ፒኤስኤምኤ የተባለ ፕሮቲን ወደሚከተለው የዞሩት አንድም ለዚህ ነው።

ሌላውን ምግብ ለካንሰሩ ሴል ጎረቤት ያቀርብለታል። አጠገቡ ያሉ ፋይብሮብላስቶች ግሉኮሱን አቃጥለው ላክቴት ይተፋሉ፤ እሱ ኤምሲቲ1 በሚባል በር አስገብቶ ይጠቀምበታል። አሲዱ ደግሞ ካንሰርን የሚዋጉትን ቲ ሴሎች ያደክማል፤ ዙሪያውን ያለው ሕብረ ሕዋስ እየላላ መውጫ ያገኛል። ደርሶ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አከርካሪና ዳሌ አጥንት ላይ ነው። እዚያም መቅኒው በዕድሜ በስብ እየተሞላ ይሄዳል፤ የስብ ሴሎቹ የሚለቁት ስብም ለመጣው ሴል ስንቅ ይሆነዋል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ በስልክ እንዴት ልበለው? «አባዬ፣ ስኳር መቀነስህ ለሌላው ጤናህ ጥሩ ነው፤ ካንሰሩ ግን በዚያ ብቻ አይራብም፣ ጎረቤት ያበላዋል። የሆርሞን መርፌህን እንዳታቋርጥ።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «እንግዲያው ጎረቤቱን ገላግሉኛ!» አለኝ።

ማታ ሦስተኛ ፍላስክ ጨመርኩ፤ ፋይብሮብላስት ብቻ።