የጋራዡን በር በእጄ ያነሳሁ ዕለት

ለዓመታት የጋራዣችንን በር የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለኝ ነበር። ሪሞቱን እጫናለሁ፣ ይከፈታል፤ በቃ። ሲጢጥ ማለት ሲጀምር ዘይት አንሶት ነው ብዬ በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ውስጡን በዘይት አጥለቀለቅኩት። ለሁለት ቀን ጸጥ አለ። ከዚያ አቧራው ከዘይቱ ጋር ላቁጦ ጥቁር ጭቃ ሆነና ድምፁ ባሰበት።

አንድ ሌሊት ከጋራዡ በኩል "ጓ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ወጥተን ብናይ ምንም የለም። ጠዋት ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ አጉረመረመ፣ በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተነስቶ ቆመ፤ መልሼ ዘጋሁት። ቀና ስል ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ለሁለት ተከፍሏል። በመሀሉ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፣ መኪናው ደግሞ ውስጥ ነው። ቀዩን ገመድ ስቤ በሩን ከሞተሩ አላቀቅኩትና በእጄ ላነሳው ሞከርኩ። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ክንዴ ዛለ፣ አመለጠኝ። ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ወለሉ ከእግሬ ሥር ራደ። የጫማዬ ጫፍ ከበሩ ጠርዝ አንድ ስንዝር አይርቅም። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ከኋላዬ ቆማለች። ብከፍተው ኖሮ ቀድማኝ ልትወጣ ነበር።

በሩን የሚሸከመው ሞላው መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የሁለት መኪና በር ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ሞላው ተጠምዝዞ ያንን ክብደት ስለሚይዝለት ለሞተሩ የሚቀረው ትንሽ ነው። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በሩ ተዘግቶ ዝም ባለበት ሰዓት ሞላው በጣም የተወጠረበት ጊዜ ነው።

የጠገነልን ባለሙያ ሁለት የብረት ዘንጎች ይዞ መጣ። ወደ ጎን ቆሞ፣ አንዱን ካስገባ በኋላ ብቻ ሌላውን እያወጣ፣ ሩብ ሩብ ዙር እየቆጠረ አዲሱን ሞላ ወጠረው። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን ከዘንጎቹ ትይዩ አላደረገም። እያየሁት ይህ የኔ ሥራ እንዳልሆነ ለራሴ ነገርኩት። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ ለመዝጋት የሚሠራ ነው አለኝ። በቀን 4 ጊዜ ብንል 7 ዓመት ገደማ ነው። የኛ በር ስምንተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ቀጥሎ ከበሩ ግርጌ ጥግ ላይ ያለውን፣ ሞላው በሩን የሚስብበት የብረት ገመድ የታሰረበትን ብረት አሳየኝና ቡሎኑን በፍጹም እንዳልፈታ አስጠነቀቀኝ። ሙሉው ውጥረት ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ደነገጥኩ። ያን ሰሞን ላጸዳው ብዬ ቁልፍ አስገብቼበት ነበር፤ ዝጎ እምቢ ስላለኝ ብቻ ነው የተውኩት።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ። መጀመሪያ ሞላውንና የብረት ገመዱን በዓይኔ ብቻ አያለሁ። የላላ ወይም የተተረተረ ነገር ካለ እዚያው አቆማለሁ። ደህና ከሆነ ሞተሩን ከሶኬት እነቅላለሁ። ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ዘይት አላስነካውም። ማጠፊያዎቹን፣ የሞላውን ላይና ኩሽኔታዎቹን የሲሊኮን ስፕሬይ እነፋቸዋለሁ። ዝገት የሚያላቅቀው ቀጭን ዘይት ቶሎ ስለሚጠፋ ለዚህ አይሆንም። የላሉ የማጠፊያ ቡሎኖችን አጠብቃለሁ። ጣቴን በበሩ ክፍሎች መጋጠሚያ ውስጥ አላስገባም፤ በሩን ለማንሳት የተሠራው እጀታው ነው።

ቀጥሎ የሚዛን ፈተና አለ። በሩ እንደተዘጋ ቀዩን ገመድ እስብና በእጄ እስከ ወገቤ አነሳዋለሁ። ሞላው ጤነኛ ከሆነ በሩ እዚያው ቀጥ ይላል። በመጨረሻ ሞተሩን መልሼ አገናኝና 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ከበሩ ሥር አጋድሜ እዘጋለሁ። በሩ ጣውላውን እንደነካ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ተመልሶ መነሳት አለበት። የኛ መጀመሪያ ሲፈተን ጣውላውን ተጭኖ ቀረ። ልጅ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ እስኪስተካከል ድረስ በሞተር አልዘጋሁትም። ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በግራና በቀኝ የተተከሉትን፣ በመሀላቸው ነገር ሲያልፍ በሩን የሚመልሱትን ሴንሰሮችም በሩ ሲወርድ መጥረጊያ በመሀላቸው በማሳለፍ እሞክራቸዋለሁ። አንድ ሰሞን በሩ ግማሽ ወርዶ እየተመለሰ አስቸግሮን ነበር፤ ሰበቡ አንደኛው ሴንሰር ላይ ያደራ የሸረሪት ድር ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው እሑድ በሩን ወገቤ ላይ አድርሼ እጄን ሳላርቅ ላላ ሳደርግለት ቀስ ብሎ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። አውርጄ ዘጋሁት፣ ለባለሙያውም ደወልኩ። ሐሙስ ይመጣል። መኪናው ውጭ ያድራል፣ ሪሞቱም መሳቢያ ውስጥ ነው።