የመንጋጋ እብጠት፣ መልሱ አንገት ላይ

መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያድጉ ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አያሙም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ጥርሱ ሲነቃነቅ ወይም ፊቱ በአንድ በኩል ሲያብጥ ነው።

በ50ዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት የመጡትም እንዲሁ ነበር። የተነቃነቀው ጥርስ ሌላ ቦታ ተነቅሎላቸዋል፤ እብጠቱ ግን ባለበት ነው። ድዳቸውን በጣቴ ስጫን የሳሳው አጥንት እንደ እንቁላል ቅርፊት ተንኮሻኮሸ። ራጁ ላይ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈለ ጥቁር ቦታ ታየ።

እንዲህ ያለ ራጅ ሲታይ ቶሎ አእምሮ ላይ የሚመጣው አሜሎብላስቶማ፣ ማለትም ከጥርስ ሠሪ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። እሱ ግን የሚወደው የታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍልን ነው፤ የእሳቸው ከፊት ነበር። ኬራቶሲስት የሚባለው ከረጢት መሰል እብጠት ነው እንዳልል፣ እሱ አጥንቱን ይዞ በርዝመት ይሄዳል እንጂ ብዙም አያሳብጥም።

ናሙና ከመቁረጤ በፊት በመርፌ ሳብኩ። ይህን ፈጽሞ አልዘልም። እብጠቱ የደም ሥር ከሆነ፣ ሲቆረጥ የሚፈሰው ደም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የመጣው ጥቂት ደም ብቻ ስለነበር ናሙናውን ወሰድኩ።

ናሙናው በማይክሮስኮፕ የታየበት የፓቶሎጂ ውጤት ‹ግዙፍ ሴሎች ያሉት እብጠት› ይላል። ካንሰር አይደለም፤ እሰየው። ግን ይህ ስም አልበቃኝም። ራሱ መንጋጋው ውስጥ የተነሳ የግዙፍ ሴል እብጠትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን በመብዛቱ የመጣ እብጠት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው። ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት አንገት ላይ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ ሲበዛ ካልሲየምን ከአጥንት እያወጣ ወደ ደም ይጨምራል። የመጀመሪያውን በቀዶ ሕክምና እንጠርገዋለን። ሁለተኛውን ብንጠርገው ግን መንስኤው እዚያው አንገት ላይ ይቀራል።

በደም የበዛው ካልሲየም የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ስለሚችል፣ ኩላሊታቸው ጠጠር ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

‹‹ልጄ፣ ለጥርሴ መጥቼ ስለ ኩላሊቴ ትጠይቀኛለህ?›› አሉኝ። ከዚያ ግን፣ ‹‹አዎ፣ አሠቃይቶኝ ነበር›› አሉ።

ደማቸው ሲመረመር ካልሲየሙም ፓራታይሮይድ ሆርሞኑም ከፍ ብሎ ተገኘ። በአልትራሳውንድ ከአራቱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አንዱ አብጦ ታየ። የአንገት ሐኪሞች ያንን አወጡላቸው። መንጋጋቸውን ቢላ አልነካውም፤ በክትትል ራጅ አጥንቱ እየሞላ መጣ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ‹ግዙፍ ሴል› የሚል ውጤት ሲደርሰኝ ካልሲየም፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና የኩላሊት ምርመራ ሳላይ ቀዶ ሕክምና አላስብም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይም ያው ሆርሞን ሊበዛ ይችላልና። ለፓቶሎጂስቱም ናሙና ብቻ አልክም፤ የታካሚውን ዕድሜ፣ እብጠቱ ያለበትን ቦታና ራጁን ጭምር እልካለሁ። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያንና ኦሲፋይንግ ፋይብሮማን የመሳሰሉት ካንሰር ያልሆኑ የአጥንት እብጠቶች በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታዩ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ከጤነኛው አጥንት ጋር ተዋህዶ ድንበሩ ይጠፋል፤ የሁለተኛው ዳር ግን ጥርት ብሎ ይለያል። ወጣት ሐኪሞች ራጁን በእጃቸው ይዘው ፓቶሎጂስቱ ዘንድ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ እዚያው ተነጋግረን እንጨርሳለን።