ስም የሚቀረው ለወደቀ ነው

አንድ ጥር ላይ እማዬ ልትጠይቀኝ ስዊዘርላንድ መጣች። ቅዳሜ ነው። ቴሌቪዥኑ የላውበርሆርንን የቁልቁለት ስኪ ውድድር ያሳያል። አንዱ ወደቀና እየተንከባለለ መረቡ ውስጥ ገባ። እማዬ የቡና ስኒዋን አስቀመጠች። "ይሄ ልጅ ማን ይባላል?" እስከዚያ ድረስ ማን እየመራ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ሳታውቀው ነገሩን በትክክል ገብታበታለች። ላውበርሆርን ላይ ስም የሚቀረው ለወደቀ ነው።

ውድድሩ የሚካሄደው ቬንገን ነው፤ መኪና የማይገባበት የተራራ መንደር። ከላውተርብሩነን በባቡር ይወጣል። ውድድሩን ኤርንስት ጌርትሽ በ1930 ነው የጀመረው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። መስመሩ 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዓለም ዋንጫ ከሚሮጥባቸው የቁልቁለት መስመሮች ረጅሙ ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። እዚህ ሁለት ደቂቃ ተኩል እግርህ እየነደደ ትወርዳለህ።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ መስመሩን በእግሬ ላየው ሄድኩ። ሣር ነው፤ ላሞች ደወላቸውን እያንቃጨሉ ይግጣሉ። "ሁንድሾፕፍ" የሚሉት ቦታ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የውሻ ጭንቅላት ማለት ነው። ቋጥኝ ነው፣ ከሥሩ ገደል። በቲቪ ስታየው ዘለው ያልፉታል፣ ቀላል ይመስላል። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቁጭ አልኩ። (ስኪ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። የሕፃናቱ መለማመጃ ላይ። ከዚያ ወዲህ በቲቪ ይበቃኛል።)

ትንሽ ወረድ ስትል "ሚንሽ ካንተ"፣ የሚንሽ ጠርዝ አለ። ዮስ ሚንሽ በ1965 እዚያ ወድቆ ሆስፒታል ገባ፣ ጠርዙ ስሙን ወሰደ። ቀጥሎ የካናዳውያን መታጠፊያ። ዴቭ ኧርዊንና ኬን ሪድ የተባሉት ካናዳውያን በ1976 የወደቁበት ነው። የኦስትሪያውያን ጉድጓድ የሚባልም አለ፤ በ1954 ቶኒ ሳይለርና የአገሩ ልጆች እዚያ ወደቁ። ሳይለር ከሁለት ዓመት በኋላ ኮርቲና ኦሎምፒክ ላይ ሦስት ወርቅ ያጠለቀው ሰውዬ ነው! ላውበርሆርን ግን ጉድጓዱን ነው የሚያስታውሰው።

የሚያስቀኝ የብሩኖ ኬርነን ነገር ነው። ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ በ2003 ይህንኑ ውድድር አሸንፏል። በ1997 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጠባቡ የኤስ ቅርጽ መታጠፊያ በስሙ "ኬርነን ኤስ" የተባለው ግን ስላሸነፈ አይደለም፤ በዚያው በ1997 እዚያ ስለተከሰከሰ ነው። ፍራንዝ ክላመር ከ1975 እስከ 1977 በተከታታይ አሸንፏል። ክርስቲያን ጌዲና በ1997 በ2 ደቂቃ ከ24.23 ሰከንድ ወርዷል። ዮሃን ክላሬ በ2013 ሀንኤግ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ላይ በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር በረረ። ቁጥሮቹን የስኪ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ መታጠፊያዎቹ ግን የእነ ሚንሽ ናቸው።

አንዱ ቦታ ላይ ግን ሳቅ የለም። መጨረሻው መስመር አጠገብ ያለው ኤስ ነው። እግር የሚዝለው እዚያ ሲደርስ ነው። በ1991 ገርኖት ራይንሽታድለር የሚባል የ20 ዓመት ኦስትሪያዊ በልምምድ ላይ እዚያ ወደቀ። ስኪው መረቡ ውስጥ ተሰነቀረ። ሕይወቱ አለፈ፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ተሰረዘ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።

በ2024 ስዊዘርላንዳዊው ማርኮ ኦደርማት ሲያሸንፍ አገሩ በጩኸት ተናጋ። የ2023 አሸናፊ ኖርዌጂያዊው ኪልደ ግን እዚያው መጨረሻው ኤስ ላይ ክፉኛ ወድቆ በሄሊኮፕተር ተወሰደ። ማታ እማዬ ደወለች።

"ያ የስኪው ነገር ዛሬ አይደል? ዘንድሮስ ማን ወደቀ?"

"ኪልደ የሚባል ልጅ፣ እማዬ።"

"ተረፈ?"

"ተርፏል።"

"ተመስገን" አለችና ስለ ጎረቤቷ ሰርግ ማውራት ጀመረች። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።