በሳይክል ካሜራ አሽከርካሪን ለመክሰስ ለምታስቡ

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ካሜራ መግጠሙ ቅንጦት አይደለም፤ ማመልከቻ ይዞ ሲቀርብ የሚገጥመውን ግን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ካሜራውን መሪው ላይ ማሰር ቀላል ነው። ታርጋም የተፈራውን ያህል አያስቸግርም፤ የኋላው በጭቃ ቢሸፈን እንኳ በብዙ የጭነት መኪኖች ጎን ላይ ቁጥሩ በቀለም ስለሚጻፍ፣ ክርኔን ለጥቂት ስቶ ያለፈውን ሲኖ ትራክ የለየሁት በዚሁ ነው። ቦታውን ግን ለይታችሁ ጻፉ፤ የአዲስ አበባውና የሸገር ከተማው ጉዳይ ተቀባይ ስለሚለያይ፣ መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ ወደ ሌላው መርቶኛል።

የከፋው ቪዲዮውን ማስረከብ ነበር። ማመልከቻዬ ድርጊቱ የተፈጸመው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ መሆኑን ይገልጻል፤ በቪዲዮው ጥግ ላይ ግን 2025 እና 07:20 የሚል ይነበባል። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ «ይኸ ከማመልከቻው ጋር አይገጥምም» አለኝ። ከጀርባው የተሰቀለው የግድግዳ ካላንደር ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዞ ሳለ፣ የስድስት ሰዓቱንና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀንና ሰዓት ጻፉ።

ነገሩ ሲገባው ደግሞ «በል በቴሌግራም ላክልኝ» ብሎ የግል ስልኩን ቁጥር ሰጠኝ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ከሲኖ ትራኩ ሌላ ዩኒፎርም ለብሰው የሚሻገሩ ሕፃናትና መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት አሉ፤ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በፍላሽ አድርጌ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባለሁ አልኩት። «አላመንከኝም ማለት ነው?» አለ ፊቱን አጥቁሮ። «እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም ጌታዬ፤ ስልክዎ ነገ ቢጠፋስ?» ብለውም አልተዋጠለትም። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ይባስ ብሎ «ቲክቶክ ላይ ልቀቀው፣ ያኔ ቶሎ ይያዛል» ሲል መከረኝ።

በብሪታንያ ኦፕሬሽን ስናፕ የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ዌልስ ከተጀመረ ወዲህ ሳይክለኞች ቪዲዮአቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለፖሊስ ይልካሉ፤ ብዙዎቹ የፖሊስ ተቋማትም ጉዳዩ እስኪያልቅ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳይለቀቅ ያሳስባሉ። እኔ የተመከርኩት የዚህን ተቃራኒ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ፈቃድ አያሻም ይላል። ይኸው አንቀጽ በአደባባይ ለተፈጸመ ነገርም በር መክፈቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም በዚያ በር የሰው ልጆችን ይዤ ቲክቶክ ላይ ልወጣ አልፈልግም። ለፖሊስ ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ስጡ፤ ለሌላ ሰው ማሳየት ግድ ከሆነባችሁ ፊቶቹን አደብዝዙ።

በመጨረሻ ፍላሹን ከማመልከቻው ጋር አስገብቼ፣ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቁጥር አስመታሁ። ያለዚያ ቁጥር ተመልሳችሁ ብትጠይቁ የሚያውቃችሁ የለም። ሾፌሩ ተጠርቶ መቀጣቱን ነገሩኝ፤ የቅጣቱን ልክ ግን ሊነግሩኝ አልፈቀዱም። ዋናውን ሚሞሪ ካርድ አምጡ ቢሏችሁ ቅጂ ስጡ እንጂ ካርዱን እንዳትለቁ፤ የእኔ ፍላሽ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።