ሠላሳ በሠላሳ

«የገበሬ ቤት ሁሉ አንድ ነው፤ ጎረቤቱን ጠይቃችሁ ሙሉት።» ይህን ያለኝ የጥናቱ አስተባባሪ ነው፤ በዕድሜም በሥራ ልምድም ይበልጠኛል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ከመስክ ሥራ ወጥቼ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። የናሙና ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር ግን ያቺ ንግግር ትመጣብኛለች፤ ዛሬም ታናድደኛለች።

ጥናቱ ስለ ቤተሰብ ገቢ ነበር። ቦታው ምዕራብ ጎጃም፣ ወሩ ጥቅምት። ከመጠይቁ ዋናው ጥያቄ «ባለፉት 12 ወራት ከቤተሰቡ ለቀን ሥራ ወጥቶ የሠራ አለ?» የሚል ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ጥቅምት ምን ዓይነት ወር እንደሆነ አይጠፋውም። መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ መሬት ያጠረው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቆላ ይወርዳል። የራሱ ሰብል ያለው ደግሞ እየጠበቀ ቤቱ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚያ ወር ማን ቤቱ እንደሚገኝና ማን እንደማይገኝ ገና ከአዲስ አበባ ሳንነሳ መገመት ይቻል ነበር።

የደረሰን የቆጠራ ቦታ፣ ማለትም ለቆጠራ ተብሎ የተከለለ ሰፈር፣ 180 ያህል ቤተሰብ አለው። በመጀመሪያ ዝርዝር ያዝን፤ ከጎጥ መሪው ጋር እየዞርን እያንዳንዱ በር ላይ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፍን። ከ180 ውስጥ 30 ስለምንፈልግ በየ6 ቤቱ አንድ መውሰድ ነው። መነሻውን ከ1 እስከ 6 ዕጣ አወጣንና 4 ወጣ። ስለዚህ 4፣ 10፣ 16 እያለ እስከ 178 ይሄዳል። እያንዳንዱ ቤት የመመረጥ ዕድሉ አንድ ስድስተኛ ነው። ይህቺ አንድ ስድስተኛ ቀላል ትመስላለች እንጂ የሥራው ሁሉ መሠረት እሷ ናት። በኋላ መረጃው ሲተነተን ለእያንዳንዱ ቤት የሚሰጠው ክብደት፣ ማለትም ያ ቤት ስንት ቤት እንደሚወክል የሚያሳየው ቁጥር፣ የሚሰላው ይህ ዕድልና የቆጠራ ቦታው ራሱ የተመረጠበት ዕድል ተባዝተው፣ ተገልብጠው ነው። ዕድሉ ካልታወቀ ክብደቱም አይታወቅም፤ ክብደቱ ካልታወቀ ደግሞ ከ30 ቤት ተነስቶ ስለ ወረዳው መናገር አይቻልም።

58 ቁጥር ዝግ ነው። በሩ በገመድ ታስሯል፤ ቁጥራችን ጠመኔው ሳይለቅ እንዳለ አለ። ጎረቤቷ፣ 59 ቁጥር፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። «ባልዮው መተማ ወርዷል» አለችን። «እሷም ጎህ ሲቀድ ትወጣና ሲመሽ ነው የምትገባው፤ የሰው ማሳ ላይ ነው የምትውለው። እኔን ጠይቁኝ፣ እኔ አለሁ።» ደግ ሴት ናት፤ ውሃም ሰጠችን። ግን ዕጣው ለእሷ አልወጣም።

እንደ 58 ዝግ የሆኑ ሌሎችም ስለነበሩ ማታ ለአስተባባሪው ደወልኩና ማለዳና ማታ እየተመለስን እንድንሞክር፣ ለዚህም መኪናው እንዲቆይልን ጠየቅሁ።

«ሠላሳ ተብለናል፣ ሠላሳ ይምጣ» አለኝ። «ባዶ ቅጽ ይዛችሁ እንዳትመጡ።»

«ጋሼ፣ ሠላሳዎቹ እኮ በዕጣ የወጡ ናቸው። 58 ተዘጋ ብዬ 59ን ብጠይቅ፣ 59 አልተመረጠችም።»

«ወንድሜ፣ የገበሬ ቤት ሁሉ አንድ ነው፤ ጎረቤቱን ጠይቃችሁ ሙሉት።»

«ሁሉም አንድ ከሆነማ ሠላሳ ቤት ምን አደከመን? አንዱን ጠይቀን እንመለስ ነበራ!»

ዝም አለ። ቀጥሎ «የመኪናውን ኪራይ የምትከፍለው አንተ አይደለህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ያንን ስናገር ልደፍረው አስቤ አልነበረም። ናሙና የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው ቤትና ቤት ስለሚለያይ ብቻ ነው። ልዩነት ከሌለ አንድ ቤት ይበቃል፤ ልዩነቱ በሰፋ መጠን የሚያስፈልገው ቤት ይበዛል። ግማሹ ሕዝብ «አለ»፣ ግማሹ «የለም» በሚልበት አገር 400 ሰው በቀላል ዕጣ ቢጠየቅ ውጤቱ በ95 በመቶ መተማመኛ (ጥናቱ ቢደጋገም ከ100 ጊዜ 95ቱን ያህል) ወደ 5 በመቶ ነጥብ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ከፍና ዝቅ ማለት በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በእጥፍ ማሳደግ አይበቃም፤ 4 እጥፍ፣ ማለትም 1,600 ማድረስ ያስፈልጋል። የጥናቱን በጀት ያዘጋጁ ሰዎች ይህን ሁሉ ያሰሉት ቤቶቹ አንድ አይደሉም ብለው ነው። አስተባባሪው ደመወዝ የሚበላበት ሥራ የቆመበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ናደው፤ እኔንም ያናደደኝ ይኸው ነው።

በማግሥቱ መኪናው ሄደ፤ እኛ ቀረን። ከቡድኑ አንዷ መረጃ ሰብሳቢ «ጎህ ሳይቀድ እንሂድ» አለችና በባትሪ ተጉዘን 58 ደረስን። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ፣ ቆሎዋን በጨርቅ እየቋጠረች ልትወጣ ስትል ነው ያገኘናት። ቆማ መለሰችልን። ዋናው ጥያቄ ላይ ስንደርስ «እሱም እኔም» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም። ጥጥ የምትፈትለው ጎረቤቷ ለዚሁ ጥያቄ ምን ልትመልስ እንደምትችል አስቡት። ከሌሎቹ ዝግ ቤቶች አብዛኞቹን በዚሁ መንገድ አገኘናቸው። ሁለቱ ግን በራቸው ጭራሽ አልተከፈተም፤ ቅጹ ላይ «በተለያየ ሰዓት ተሞክሮ አልተገኘም» ብለን ጻፍን።

ክፍል ውስጥ ነገሩን በቀላል ቁጥር አስቀምጠዋለሁ። 100 ቤት ያለበት መንደር እንውሰድ። 40ዎቹ የቀን ሠራተኛ አላቸው፣ 60ዎቹ የላቸውም። የቀን ሠራተኛ ያለበትን ቤት ቀን ሄዶ ክፍት የማግኘት ዕድል 0.5፣ የሌለበትን 0.9 ይሁን። ክፍት ሆነው የሚገኙት ከመጀመሪያዎቹ 20፣ ከሁለተኛዎቹ 54፣ በድምሩ 74 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ያለባቸው 20 ለ74፣ ማለትም 27 በመቶ። እውነቱ 40 በመቶ ነው። አሁን የተዘጋውን ሁሉ በተከፈተ ጎረቤት እንተካ፤ ጎረቤቱም ያው ክፍት በመሆኑ የተገኘ ስለሆነ ቁጥሩ ከ27 ንቅንቅ አይልም። አንድ መንደር መሆኑ ቀርቶ እንደዚህ ያሉ መንደሮችን ሰብስበን 10,000 ቤት ብንጠይቅስ? ያን ጊዜም 27 ነው፤ ውጤቱ ከፍና ዝቅ ማለቱ እየጠበበ የሚሰበሰበው በ27 ዙሪያ እንጂ በ40 ዙሪያ አይደለም። ተማሪዎቼ ይህን ሰሌዳ ላይ ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ ናሙና ሲበዛ ስህተት ይጠፋል ተብሎ ከታች ክፍል ጀምሮ የተነገራቸው በርካቶች ናቸው።

ይህ በአሜሪካ በትልቁ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ በተነ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰለት። በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ተፎካካሪው ላንደን ፕሬዚዳንቱን ሩዝቬልትን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ያህል አገኘ፤ ላንደን ያሸነፈው ሜይንና ቨርሞንት በተባሉ ሁለት ግዛቶች ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር መሆኑ ነው፤ እውነት ነው። እኔ ይበልጥ የማተኩርበት ግን ካርዱ ደርሷቸው ያልመለሱት ሚሊዮኖች ናቸው። የመለሱትና ያልመለሱት አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ካርዱን መልሶ መላክ ራሱ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ጥቅምት ላይ ቤት መገኘትም እንደዚያው።

ወደ ገጠመኜ ልመለስ፤ የሚቆረቁረው ክፍል ገና አልተነገረም። በዚያው ጥናት ሌላ ቡድን ነበር። አራት የቆጠራ ቦታ ሸፍኖ ከአራቱም 30 በ30 አመጣ። አስተባባሪው ሁላችንንም ሰብስቦ «ሥራ ማለት ይህ ነው!» ብሎ አመሰገናቸው። የኛ ሁለት ባዶ ቤቶች ግን ሪፖርቱ ላይ «የአፈጻጸም ጉድለት» በሚል ርዕስ ሥር ሰፈሩ። ለሚቀጥለው ዙር የተጠራውም ያ ቡድን ነው።

የዚያን ቡድን ውጤት ዛሬ የባይኖሚያል መልመጃ አድርጌዋለሁ፤ ባይኖሚያል ውጤቱ «ክፍት» ወይም «ዝግ» ብቻ የሆነ ሙከራ ሲደጋገም ዕድሉ የሚሰላበት መንገድ ነው። አንድ ቤት ተዘግቶ የመቅረት ዕድሉ 0.1 ነው እንበል፤ ለጥቅምት ይህ ለጋስ ግምት ነው። 30ውም ቤት ክፍት የመሆን ዕድል 0.9ን ለራሱ 30 ጊዜ ማባዛት ነው፤ 0.042 ይመጣል። አንድ የቆጠራ ቦታ ላይ ሊያጋጥም ይችላል፤ ማንንም አያስጠረጥርም። በአራቱም ተከታትሎ የመሆኑ ዕድል ግን ከአንድ ሚሊዮን 3 ያህል ነው። አስተባባሪው ባመሰገነበት ቀን ይህን ስሌት መሥራት የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ከአንድ በላይ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዕድሎቹን ያባዛነው ቤቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ናቸው ብለን ነው። የገበያ ቀን ከሆነ ግን ሁሉም አብሮ ይዘጋል፤ በዓል ከሆነ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይከፈታል።» እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትክክል ናት። የአንድ መንደር በሮች አብረው የሚዘጉና አብረው የሚከፈቱ ከሆነ 30 በ30 የመምጣቱ ዕድል ባይኖሚያል ከሚለው ከፍ ይላል፤ ሁሉም የመዘጋቱም ዕድል እንዲሁ። ስለዚህ «ከሚሊዮን 3» የሚለውን ይዞ ማንንም ውሸታም ማለት አይቻልም። ቁጥሩ የሚለው ሄደህ ጠይቅ ነው፦ በየትኛው ሰዓት ደረሳችሁ? ስንት ጊዜ ተመለሳችሁ? ያን ቡድን ይህን የጠየቀው አልነበረም።

አገራችን ውስጥ ይህ በትክክል ሲሠራ አይታይም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት ለክፍሉ አሳያለሁ። 645 የቆጠራ ቦታ፣ ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰብ፤ የተመረጠውን ቤት በሌላ መተካት የተከለከለ ነበር። የምላሽ መጠኑም ሳይሸሸግ ተጽፏል፦ ከቤተሰቦች 98 በመቶ፣ ከሴቶች 95፣ ከወንዶች 86። ወንዶቹ ለምን አነሱ ቢባል ከቤት ርቀው ስለሚውሉና ስለሚከርሙ ነው። ያ 86 ጉድለት ተብሎ አልተደበቀም፤ ውጤቱን የሚያነብ ሰው ስለ ወንዶቹ የተጻፈውን በምን ያህል ጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነው። እኛ የጻፍናቸው ሁለት «አልተገኘም»ም ሊነበቡ የሚገባቸው እንደዚሁ ነበር።

ተማሪዎቼ ለመስክ ልምምድ ሲወጡ የምሰጣቸው ቅጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት የሄዱበትን ቀንና ሰዓት የሚሞሉበት ዓምድ አለ። ቤቱ ተዘግቶ ቢቀር ማርክ አይቀነስም። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ግን 30ውም ቤት ተሞልቶ ቢመጣ አልቀበልም፤ በዚህ ምክንያት ጥብቅ ነው እየተባልኩ እታማለሁ፣ አሁንም ግን ዓምዱን አላነሳሁትም።