እናቴን የጋረደ ነጠላ

ትናንት ማታ ከእጥበት የተመለሰልኝን ፊልም ፕሮጀክተሩ ላይ ጫንኩና የሳሎኑን መብራት አጠፋሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 50 ጫማ ፊልም፣ 3,600 ፍሬም ወይም ምስል፤ በሴኮንድ 18 ፍሬም ሲሄድ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። ሱፐር 8 የሚባለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚታሸግበት አንድ ካርትሪጅ የሚይዘው ይህንኑ ብቻ ነው።

ፊልም ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ካሜራውን ያገኘሁት እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ጡረተኛ ደጃፋቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1965 ሱፐር 8ን ሲያወጣ ሐሳቡ ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ችግር እንዲቀርጽ ነበር፤ እውነትም ካርትሪጁን መጫን የደቂቃ ሥራ አይፈጅም። የቀረውን ሁሉ የተማርኩት ፊልም እያበላሸሁ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የግንቦቱ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱ አጠገብ ቡና ስትቆላ አንድ ሙሉ ካርትሪጅ ቀረጽኳት። ታጥቦ ሲመጣ ግድግዳው ላይ አብረን አየነው። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የቡናው ጭስ ሳይቀር ይታያል። ፊቷ ግን ጨለማ ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችና፣ «ልጄ፣ ነጠላዬን አየሁት፤ እኔስ ወዴት አለሁ?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለካ የካሜራዬ ብርሃን መለኪያ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ብርሃን ሁሉ ደባልቆ ነው የሚያነበው። ነጩ ነጠላ ሲያበራበት ብርሃን የበዛ መስሎት የሌንሱን ቀዳዳ ያጠባል፤ የጠይም ፊት ብርሃን እዚያው ይቀራል። የምጠቀምበት ፊልም ደግሞ ካሜራው ውስጥ ያለፈው ራሱ ታጥቦ በፕሮጀክተር የሚታይ ዓይነት ስለሆነ ኋላ የሚታረም ነገር የለውም። መለኪያው የእናቴን ፊት አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ሥራውን ለመለኪያው ትቼ ነበር። መላው ቀላል ነው፦ ፊቷ ፍሬሙን እስኪሞላው መጠጋት፣ ብርሃኑን ከዚያ ማንበብ፣ ቀዳዳውን እዚያው ላይ ቆልፎ ወደ ቦታ መመለስ።

በእነዚያ ቀናት ፊልም ሠሪው ዮናስ ሜካስ ከሐሳቤ አልጠፋም። ከሊትዌኒያ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቦሌክስ ካሜራ ገዝቶ የስደት ኑሮውን መቅረጽ ጀመረ። እናቱን ሊቀርጻት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከአገሩ ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። እኔ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ጨለማ አድርጌያት ነበር።

የምትሄድበት ዕለት ጠዋት ካሜራው ውስጥ 15 ጫማ ፊልም ቀርቶኛል፤ ልክ አንድ ደቂቃ። ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል። «እማዬ፣ አንዴ እዚህ ተቀመጪልኝ» አልኳት። ተጠጋሁ፣ ለካሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ትናንት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች፣ ዛፎቹና የአውቶቡስ ማቆሚያው፣ አለፉ። ከዚያ እናቴ መጣች። ነጠላው ነጥቶ ጥለቱ እምብዛም አይለይም። ፊቷ ግን አለ። በዓይኖቿ ዙሪያ ያለው መስመር፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ልትናገር ስትል የሚቀድማት ፈገግታ፣ ሁሉም አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ያለችኝን ግን አስታውሳለሁ፦ «አይበቃም ወይ? አውሮፕላኑ ያመልጠኛል።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስትመልስ ፊልሙ አለቀ።